በስምንት ዓመት ልጅ ላይ አይፈረድ

ግንቦት ላይ በሜሪላንድ ወይም በሰሜን ቨርጂኒያ በአንድ የእግር ኳስ ሜዳ አጠገብ ያለፈ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ደረታቸው ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው ሕፃናት በኮኖች መካከል ኳስ ይገፋሉ። አሰልጣኞቹ ወረቀት ይዘው ዳር ቆመዋል፤ ቀና ይላሉ፣ ይጽፋሉ፣ ደግሞ ቀና ይላሉ። ከመስመሩ ውጪ ከተሰበሰቡት ወላጆች መካከል ከሥራ በቀጥታ የመጣ፣ ባጁን ከአንገቱ ያላወለቀ ሐበሻ አባት አለ። ልጁ ኳስ በተነጠቀ ቁጥር አባት እጁን ራሱ ላይ ይጭናል። ልጁም ከኳሱ ይልቅ አባቱን ያያል። ሁለት ምሽት የፈጀው ፍተሻ ሲያበቃ ኢሜይል ይመጣል፦ «ኤ ቡድን»፣ «ቢ ቡድን»፣ ወይም «ለዘንድሮ ቦታ የለንም»።

ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የማኅበረሰብ እግር ኳስ ክለብ ሁለት በር አለው። አንደኛው በተለምዶ «ሬክ» የሚባለው የመዝናኛ ፕሮግራም ነው። የተመዘገበ ሁሉ ይጫወታል፤ አሰልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ ከልጆቹ የአንዱ አባት ወይም እናት ነው፤ ግጥሚያው ቅዳሜ እዚያው አካባቢ ይካሄዳል። ሁለተኛው «ትራቭል» የሚባለው የውድድር ቡድን ነው። ልጁ ተመርጦ ይገባል፣ አሰልጣኙ ይከፈለዋል፣ ግጥሚያው ከከተማ ከተማ፣ አንዳንዴም ከስቴት ስቴት ይወስዳል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ጥፋቱ ልጆች የወተት ጥርሳቸውን ነቅለው ሳይጨርሱ ከሁለት ተከፍለው በመካከላቸው ያለው በር መዘጋቱ ነው። ክለቦች ይህን በር ልጆቹ 12 ዓመት እስኪሞላቸው ክፍት ሊያደርጉት ይገባል፤ ወላጆችም ይህን የመጠየቅ መብት አላቸው።

ብዙ ወላጅ «ሬክ» ሲባል «ላልቻሉት የተተወ» ይመስለዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ኤዋይኤስኦ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የአሜሪካ ወጣቶች እግር ኳስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያዋ ቶራንስ ከተማ በዘጠኝ ቡድኖች ሲጀመር የተነሣው ሁሉም ልጅ ይጫወት ብሎ ነው። በዚህ ደንብ የተመዘገበ ልጅ ሁሉ ቢያንስ የግጥሚያውን ግማሽ ሜዳ ላይ ያሳልፋል። የአገሪቱ እግር ኳስ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ጨዋታውን በልጆቹ ልክ አሳንሶታል። እስከ ስምንት ዓመት አራት ለአራት ያለ በረኛ፣ ዘጠኝና አሥር ዓመት ሰባት ለሰባት፣ 11 እና 12 ዓመት ዘጠኝ ለዘጠኝ ነው። ለትንንሾቹ ኳሷ ራሷ ቁጥር 3 ናት። አሥር ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ኳስ በቴስታ መምታት ተከልክለዋል። ሃያ ሁለት ሕፃናት ትልቅ ሜዳ ላይ ሲለቀቁ ኳስ የሚነኩት ፈጣኖቹ ብቻ ናቸው። አራት ለአራት ሲሆን ግን መደበቂያ የለም፤ ዓይን አፋሩም ተራው ይደርሰዋል።

የውድድሩ መንገድ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። አስፐን ኢንስቲትዩት የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ባደረገው የወላጆች ጥናት አንድ ቤተሰብ ለአንድ ልጅ ዋና ስፖርት በዓመት በአማካይ 1,016 ዶላር ያወጣል፤ ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው 46 በመቶ ጨምሯል። ይህ ርካሹንም ውዱንም ስፖርት አንድ ላይ የያዘ አማካይ ነው። በትራቭል ቡድን የክለቡ ክፍያ፣ መለያው፣ ቶርናመንቱ፣ ሆቴሉና ቤንዚኑ ሲደመር ሂሳቡ ብዙ ሺህ ዶላር ይገባል። በዚያ ላይ ቅዳሜና እሑድ ኡበር ለሚነዳ አባት፣ ሬስቶራንት ለምትሠራ እናት ዋናው የገቢ ቀን ነው። ልጅን ሦስት ሰዓት ነድቶ ውድድር ማድረስ የሁለት ቀን እንጀራ መተው ማለት ነው። ብዙ ክለቦች አቅም ለሌለው ቤተሰብ የክፍያ ድጋፍ አላቸው፤ ሐበሻ ወላጅን ግን ቅጹን እንዳይሞላ ይሉኝታ ይይዘዋል። ድጋፉ ለዚሁ የተመደበ ገንዘብ ነውና መጠየቅ አያሳፍርም።

ወላጅ ይህን ሁሉ የሚከፍለው ከፍቅር ነው፤ ከኋላውም ተስፋ አለ። ልጁ በእግሩ ኮሌጅ እንዲገባ፣ ካልሆነም ፕሮፌሽናል እንዲሆን ይመኛል። እዚህ ላይ እውነቱን መነጋገር ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደንቡ እስኪለወጥ ድረስ በኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ በኤንሲኤኤ ከፍተኛ ደረጃ፣ በዲቪዚዮን አንድ የሚጫወት አንድ የወንዶች ቡድን ለተጫዋቾቹ በሙሉ እንዲያከፋፍል የሚፈቀድለት ስኮላርሺፕ 9.9 ብቻ ነበር። ያም ለሃያ ምናምን ልጅ ተቆራርሶ የሚታደል ነበር። ለትራቭል ቡድን ዓመት ከዓመት የሚወጣውን ገንዘብ ለኮሌጅ የቆጠበ ቤተሰብ የተሻለ ቦታ ላይ ሊገኝ ይችላል።

«ጌዲዮን ዘላለምስ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን የተወለደው ጌዲዮን እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ዋሽንግተን አካባቢ መጥቶ በሜሪላንድ ኦልኒ ሬንጀርስ በተባለ የወጣቶች ክለብ ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ አርሰናል ገባ፤ በዓመቱ፣ 17 ዓመት ሳይሞላው፣ በኤፍኤ ዋንጫ ከኮቨንትሪ ጋር ሲጫወቱ ተቀይሮ ገባ። የማኅበረሰብ ክለብ ተሰጥኦ ያለውን ልጅ ምን ያህል ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ታሪኩ ግን እስከ መጨረሻው ይነገር። በአርሰናል አንድም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ አላደረገም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ከ20 ዓመት በታች ዋንጫ የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ ረጅም ጊዜ ከሜዳ ራቀ። እንዲህ ያለ ተሰጥኦ ያለው ልጅ እንኳ መንገዱ ይህን ያህል ጠባብ ከሆነ፣ የስምንት ዓመት ልጅን ደስታ ለዚያ ተስፋ መያዣ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ሌላው ጉዳይ የምርጫው ትክክለኛነት ነው። በአንድ የዕድሜ ቡድን ውስጥ የመጀመሪያው ወር ላይ የተወለደና የመጨረሻው ወር ላይ የተወለደ ልጅ በመካከላቸው አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው። በስምንት ዓመት አንድ ዓመት ብዙ ነው፤ ታላቁ ረዝሟል፣ ፈጥኗል፣ የአሰልጣኙን ትእዛዝም ቶሎ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቹ በካናዳ የበረዶ ሆኪ ይህንኑ አሳይተዋል፤ ከተመረጡት መካከል በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት በዝተው ተገኙ። በእግር ኳስም ተመሳሳይ ነገር ተደጋግሞ ታይቷል። አሰልጣኙ ችሎታ የመረጠ ይመስለዋል፤ የመረጠው ግን የልደት ቀን ነው። በአሜሪካ ዋና ዋናዎቹ የወጣቶች ማኅበራት እ.ኤ.አ. ከ2026–27 የውድድር ዘመን ጀምሮ የዕድሜ መቁረጫውን ከጃንዋሪ ወደ ኦገስት ለማዛወር ወስነዋል። ቀኑ ቢዛወር ጉዳቱ ወደ ሌላ ልጅ ይዞራል እንጂ አይጠፋም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ኖርዌይ ታሳያለች። የአገሪቱ ስፖርት ኮንፌዴሬሽን ባወጣው የልጆች መብት ደንብ መሠረት ልጆች 11 ዓመት እስኪሆናቸው የደረጃ ሰንጠረዥ አይወጣላቸውም፤ እስከ 13 ዓመታቸውም በብሔራዊ ሻምፒዮና አይሳተፉም። ይህ ልፍስፍስ ትውልድ አላፈራም። አምስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ያላት አገር እ.ኤ.አ. በ2022 በቤጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ 16 ወርቅ ወሰደች፤ እስከዚያ ድረስ በአንድ የክረምት ኦሊምፒክ ይህን ያህል ያገኘ አገር አልነበረም። በእግር ኳስም አጥቂው ኧርሊንግ ሃላንድ ያደገው በትንሿ ብሪነ ከተማ ክለብ ሲሆን፣ 40 ገደማ እኩዮቹ «ኤ» እና «ቢ» ተብለው ሳይለያዩ አብረው ነው ያደጉት።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ አንድ ስፖርት ላይ ብቻ ማተኮር ቢያንስ እስከ 15 ወይም 16 ዓመት ቢዘገይ እንደሚሻል፣ ልጁም በዓመት ሦስት ወር ያህል ከዋና ስፖርቱ እንዲያርፍ መክሯል። አስፐን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳገኘው ደግሞ አሜሪካዊ ልጅ በአማካይ አንድ ስፖርት ላይ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይቆይ በ11 ዓመቱ ይተወዋል። እንግዲህ በስምንት ዓመት የሚደረገው ምርጫ ልጁ ሊያቆም ሦስት ዓመት ሲቀረው የሚደረግ ነው።

የዛሬዎቹ አባቶች ራሳቸው እንዴት ኳስ እንደተማሩ ያውቃሉ። ካልሲ በጨርቅና በላስቲክ ተጠቅጥቆ በሲባጎ ይታሰራል፤ ሁለት ድንጋይ ጎል ይሆናል፤ የስድስት ዓመቱም የአሥራ አምስት ዓመቱም አንድ ላይ ይጫወታል። ቡድን ሲከፈል መጨረሻ የሚጠራው ልጅ ሁልጊዜ አለ። እሱም ቢሆን ገብቶ ይጫወታል፤ በማግስቱ ደግሞ እንደገና ይከፈላል። ማንም ለዓመት «ቢ» ተብሎ አይቀርም። አሜሪካ የተወለደው ልጅ ያጣው ይህን ነው። ያለ መኪናና ያለ አሰልጣኝ ኳስ አያገኝም።

ይህን ዕድል ለልጁ መመለስ ከወላጅ አቅም በላይ አይደለም። ከምዝገባ በፊት ክለቡን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በሬክ ያለ ልጅ በዓመቱ መካከል ወደ ውድድር ቡድን መሻገር ይችላል ወይ? በውድድር ቡድን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ ስንት ደቂቃ ይጫወታል? የክፍያ ድጋፉ ቅጽ የት ነው? መልሱ ካልጣመ ሌላ ክለብ ይፈልጉ። ጊዜ ያለው ደግሞ የሬክ አሰልጣኝ ለመሆን ይመዝገብ። በአብዛኛው የሚጠየቀው የጀርባ ምርመራና ስለ ልጆች ደኅንነት በኢንተርኔት የሚሰጥ አጭር ትምህርት ነው።

በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየበጋው ሕዝባችንን በኳስ ሲያሰባስብ ኖሯል፤ በየከተማው ቡድን አለው፣ ቡድኖቹም የሚለማመዱበት ሜዳ አላቸው። እነዚህ ቡድኖች ከልምምዳቸው በፊት አንድ ሰዓት ለልጆች ይልቀቁ። ቁጥር አይለጠፍ፣ ክፍያ አይኑር፣ አባቶች ዳር ሆነው አይጩኹ፤ ትልልቆቹና ትንንሾቹ ተደባልቀው ይጫወቱ። በሚቀጥለው እሑድ ሊጀመር ይችላል።