ለጨዋታ ተብሎ ስለሚነገር ሐሰት

የሙዚቃን ታሪክ በአጫጭር ጥያቄና መልስ ሰብስበው ለሕዝብ የሚያቀርቡ ሰዎች ከቀን ወደ ቀን እየበዙ ሄደዋል። ሥራቸው በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ሰው ከድካሙ ሲያርፍ፣ ይህን ዜማ የደረሰው ማን ነው፤ ያኛውስ በየትኛው ዘመን ተደረሰ፤ እያለ ከወዳጆቹ ጋራ ቢጠያየቅ ዕውቀትም ደስታም ያገኝበታል። የሚነቀፈው ሌላ ነው። ከነዚህ ሰብሳቢዎች ብዙዎቹ አንዱ የጻፈውን ሌላው እየገለበጠ፣ ምንጩ ከወዴት እንደ ሆነ ሳይጠይቅ፣ ለጆሮ ያማረውን ወሬ ሁሉ እንደ እውነት ያስገባሉ። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ማስረጃውን ይዞ በትሕትና ሲመጣም፣ ይህ ለጨዋታ የተጻፈ ነው፤ ማንን ይጐዳል? ብለው ያሰናብቱታል።

እንግዲህ ክርክሩ በዚህች በመጨረሻይቱ ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄ ከሆነች መልስ ይገባታል፤ መልሱም ከራሳቸው ጥያቄዎች መካከል ይገኛል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

አንቶኒዮ ሳሊዬሪ በ1750 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ በሌኛጎ ከተማ ተወለደ። ገና ወጣት ሳለ ወደ ቪዬና ሄዶ በኦስትርያ ቤተ መንግሥት የሙዚቃ አለቃ እስከ መሆን ደረሰ። ዓለም የሚያደንቃቸው ቤትሆቨን፣ ሹበርትና ሊስት ከእርሱ ዘንድ ተምረዋል። አንድ የሙዚቃ መምህር ከዚህ የበለጠ ምን ሊመኝ ይችላል? በጥያቄና መልሱ ስብስብ ግን ይህ ሁሉ ቀርቶ ስለ ሳሊዬሪ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም፣ ሞዛርትን በመርዝ የገደለው ማን ነው? የሚል ነው። መልሱም ሳሊዬሪ ተብሎ ይጻፋል። ጥቂት ጥንቃቄ ያላቸው ሰብሳቢዎች «ይባላል» የምትለውን ቃል ይጨምሩበታል፤ እርስዋም በሐሜት ገበያ ቀረጥ የማትከፍል ቃል ናት።

ነገሩ ሲመረመር ምን ይገኛል? ሞዛርት ዲሴምበር 5 ቀን 1791 ዓ.ም. በ35 ዓመቱ በቪዬና ሞተ። በሞት መዝገብ የተጻፈለት ምክንያት ሽፍታ ያለበት ብርቱ ትኵሳት ነው፤ ስለ መርዝ የሚናገር አንዳች የለበትም። ከመሞቱ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ሞዛርት ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሳሊዬሪን በሠረገላ ወስዶ «የአስማት ዋሽንት» የተባለውን ኦፔራውን እንዳሰማው፣ ሳሊዬሪም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰምቶ እያንዳንዱን ክፍል እንዳመሰገነ ይናገራል። አባቱ ሲሞት ገና የጥቂት ወራት ሕፃን የነበረው የሞዛርት ታናሽ ልጅም አድጎ ከሳሊዬሪ ዘንድ ሙዚቃ ተምሯል። ለአባት ገዳይ ልጅን ለትምህርት የሚሰጥ ቤተ ሰብ በየት አገር ታየ?

ወሬው የበረታው ሳሊዬሪ ሸምግሎ፣ አካሉም አእምሮውም ደክሞ፣ በሐኪም ቤት በተኛበት በ1823 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሞዛርትን መርዤዋለሁ ብሎ ተናዘዘ ተብሎ በከተማው ተወራ። በዚያው ዓመት ሙዚቀኛው ሞሼሌስ ሊጠይቀው በሄደ ጊዜ ግን፣ ሽማግሌው ስለ ወሬው ራሱ አንሥቶ ፍጹም ሐሰት መሆኑን በእምነቱ ምሎ ነገረው። በተከታዩ ዓመት ያስታምሙት የነበሩት ሁለት አገልጋዮች፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሲወጣ ከቶ እንዳልሰሙ በጽሑፍ መሰከሩ። ጁዜፔ ካርፓኒ የተባለ ጸሐፊም ሳሊዬሪን የሚከላከል ጽሑፍ የሐኪም ቃል ጨምሮበት በዚያው በ1824 ዓ.ም. በሚላኖ አሳተመ። ሳሊዬሪ የሞተው በ1825 ዓ.ም. ነው። ይህም ማለት ማስተባበያው ሰውየው ገና በሕይወት ሳለ ታትሞ ወጥቷል ማለት ነው። እውነቱ ተሰውሮ ቆይቶ በቅርቡ የተገኘ አይደለም፤ ሁልጊዜ በገበታ ላይ ነበረ። የሚገለብጡት ሰዎች ግን ከሁለቱ ጽሑፎች ጣፋጩን መረጡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ተረት ለሳሊዬሪ ሳይሠራ ሁለት መቶ ዓመት አለፈ።

እዚህ ላይ ሰብሳቢዎቹ፣ ታላላቅ ደራስያንም ይህንኑ ጽፈዋል ብለው ይከራከራሉ። እውነት ነው፤ ጽፈዋል። ኢትዮጵያውያን እንደ ዘመድ የሚያዩት ፑሽኪን በ1830 ዓ.ም. ስለ ሞዛርትና ስለ ሳሊዬሪ አጭር ቴአትር ደረሰ፤ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ከዚያ ኦፔራ አወጣለት። በ1979 ዓ.ም. ፒተር ሻፈር «አማዴዎስ» የተባለውን ቴአትር ለመድረክ አቀረበ፤ በ1984 ዓ.ም. ከእርሱ የወጣውም ፊልም ስምንት የኦስካር ሽልማት አገኘ። ይሁን እንጂ ባለ ቅኔና ባለ ታሪክ ያላቸው ፈቃድ አንድ አይደለም። ፑሽኪን የቅንዓትን ጠባይ ሊያሳይ ሁለት ስም ተበደረ፤ ተመልካቹም ወደ ቴአትር ቤት የሚገባው ምስክር ሊሰማ እንዳልሆነ ያውቃል። ሰብሳቢው ግን በመጽሐፉ ራስ ላይ «እውነተኛ ታሪክ» ብሎ ጽፎ፣ ለተጠያቂው ትክክል ወይም ስሕተት እያለ ነጥብ ይሰጣል። ሳሊዬሪ አልገደለም ብሎ የመለሰ ተማሪ በዚህ ፈተና ይወድቃል። በእውነት የወደቀው ማን ነው?

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በፕራግ በሚገኘው የቼክ ሙዚቃ ቤተ መዘክር አንድ የጠፋ ሥራ ተገኘ። ናንሲ ስቶራቼ የምትባል ዘፋኝ ከሕመምዋ በዳነች ጊዜ፣ በ1785 ዓ.ም. ለደስታዋ የተደረሰ አጭር ዜማ ነው። ዜማውን በአንድነት የደረሱት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ ከነርሱ ሁለቱ ሞዛርትና ሳሊዬሪ ናቸው። በተከታዩ ዓመት ለሕዝብ ተሰማ። ይህን በስብስቡ ውስጥ ማግባት ለጥያቄ ወዳጆች እንዴት ያለ ደስ የሚያሰኝ ጥያቄ በሆነ ነበር!

ሁሉም ስሕተት ስም የሚያጠፋ አይደለም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። አንዳንዱ ስሕተት የሚያመሰግን ነው። ነገር ግን ለአንዱ ያለ አግባብ የተሰጠ ምስጋና ከሌላው የተወሰደ መሆኑ ይረሳል። በኤውሮጳ በብዙ ቀብር ላይ የሚሰማው «የአልቢኖኒ አዳጂዮ» የተባለው ዜማ፣ በ1751 ዓ.ም. የሞተው የቬኔዝያው አልቢኖኒ ሥራ ነው እየተባለ ይጠየቃል፤ ይመለሳል። ዜማውን በ1958 ዓ.ም. ያሳተመው ግን ሬሞ ጃዞቶ የተባለ የሙዚቃ ታሪክ ሊቅ ነው። እርሱም ከድሬስደን ቤተ መጻሕፍት ካገኘሁት የአልቢኖኒ ቍራጭ ተነሥቼ አዘጋጀሁት አለ እንጂ፣ አልቢኖኒ ሙሉውን ጻፈው አላለም። ሕዝቡን የሚያስለቅሰው ዜማ የዘመናችን ሰው ሥራ ነው። እንዲሁም ሕፃናት ስለ ኮከብ የሚዘምሩባትን ዜማ ሞዛርት ደረሳት ይላሉ፤ እርሱ ቀድማ በነበረች የፈረንሳይ ዜማ ላይ 12 መለዋወጫ ጻፈ እንጂ ዜማይቱን አልደረሳትም።

ይህን ነቀፌታ በሩቅ አገር ሰዎች ላይ ብቻ ማዞር አድልዎ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ በሚጻፉት ጥያቄዎች ውስጥ፣ ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት ዜማን ከነምልክቱ ጽፎ ለዓለም የመጀመሪያውን የዜማ ጽሕፈት ሰጠ የሚል ይገኛል፤ አንባቢም በደስታ ይቀበለዋል። የሀገሩ ሊቃውንት ትውፊት ግን ሁለቱን ነገር ለይቶ ነው የሚያስተምረው። በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን ያሬድ በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ዜማን ደረሰ፤ ምልክቱ ግን ሌላ ዘመንና ሌሎች ሰዎች አሉት። ከ1540 እስከ 1559 ዓ.ም. በነገሠው በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ የዜማ ሊቃውንት ተነሥተው ለድጓ ምልክት እንደ ሠሩለትና የተድባበ ማርያምን ካህናት እንዳስተማሩ በዜና መዋዕል ተጽፎ ይገኛል። በመካከሉ ወደ አንድ ሺህ ዓመት የሚጠጋ ዘመን አለ። ያን ዘመን ሁሉ ዜማው ያለ ምልክት፣ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ እየተላለፈ መኖሩ ራሱ የሚደነቅ ነገር ነበር፤ ሰብሳቢው ይህንንም ደመሰሰው። ለያሬድ ክብር ጨመርሁ ብሎ የሁለቱን ካህናት ድካም ቀማ። ያሬድ የሰውን ሥራ ተቀብሎ የሚከብር አይደለም።

ከሰብሳቢዎቹ የሚፈለገው ከባድ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፊ ቃል በሳተ ጊዜ የሳተውን ምልክት አድርጎበት ትክክለኛውን ከመስመሩ በላይ በደቂቅ ፊደል ያገባል፤ አንባቢም ስሕተቱንና እርማቱን በአንድ ዐይን ያያል። እነርሱ ግን ሲታረሙ ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ በሚቀጥለው እትም ጥያቄውን በስውር ያወጡታል፤ ያለፈውን እትም የገዛ ሰው ግን ሐሰቱን ይዞ ይኖራል።

እርማት እንዴት እንደሚጻፍ ለመማር ወደ ሳልዝቡርግ አውራጃ ማየት ይበቃል። «ጸጥ ያለች ሌሊት» የተባለው የልደት መዝሙር በዓለም ሁሉ ከተሰማ በኋላ ደራሲው ማን እንደ ሆነ ጠፍቶ፣ አንዱ ለሃይድን፣ ሌላው ለሞዛርት ይሰጠው ነበር። በ1854 ዓ.ም. ከበርሊን የንጉሥ ቤተ ጸሎት ጥያቄ መጣ። ያን ጊዜ ፍራንትስ ግሩበር የ67 ዓመት ሽማግሌ ነበረ። ዛሬ በየስብስቡ የሚነበበው፣ አይጥ የኦርጋኑን ወናፍ በልታ ኦርጋኑ ስለ ተበላሸ መዝሙሩ በችኰላ ተደረሰ የሚለው ታሪክ በእርሱ ጽሑፍ ውስጥ የለም። የቄሱ የዮሴፍ ሞር የእጅ ጽሕፈት በ1995 ዓ.ም. በተገኘ ጊዜ ግጥሙ በ1816 ዓ.ም. እንደ ተጻፈ ታውቋል፤ የችኰላው ተረት ከዚህም ጋራ አይስማማም። የግሩበር ወረቀት አጭርና ግልጥ ነው። በዲሴምበር 24 ቀን 1818 ዓ.ም. በኦበርንዶርፍ ረዳት ካህን የነበረው ሞር ግጥሙን ሰጥቶ፣ ለሁለት ድምፅና ለመዘምራን በጊታር የሚታጀብ ዜማ እንዲደረስለት ለመነ ይላል። ከስድስት ዓመት በፊት የሞተውን የካህኑን ስም አስቀድሞ ጻፈ፤ ስለ ራሱ ሲናገር ግን እንደ ሌላ ሰው ቈጥሮ፣ የኦርጋን መቺውን ሥራ ይሠራ የነበረ የአርንስዶርፍ የትምህርት ቤት አስተማሪ ብሎ አለፈ።