የደጋ አበባ በመስታወት ቤት

ገብስን ወስደን ሞቃት ቆላ ብንዘራው ምን ይሆናል? ማሽላስ ውርጭ ባለበት ደጋ ያፈራል? ገበሬ ሁሉ መልሱን ያውቃል። እያንዳንዱ ተክል አገር አለው። አገሩን ያልጠየቀ ሰው ዘሩንም ድካሙንም ያጣል።

ዛሬ የምንጽፈው ይህን ሳይጠይቁ ብዙ ስለከሰሩ ሰዎች ነው። ሰዎቹ እንግሊዞች ናቸው። ተክሉ ደግሞ ኦርኪድ ይባላል።

ኦርኪድ አበባው እጅግ ያማረ ተክል ነው። ብዙው ዓይነት አፈር ላይ አይበቅልም። ጫካ ውስጥ በትልልቅ ዛፎች ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ሥሩ አየር ላይ ነው። ውሃ የሚያገኘው ከዝናብና ከጉም ነው። እንደ አንዳንድ ተቀጽላ የዛፉን ጭማቂ አይመጥም። በእኛም አገር በከፋና በኢሉባቦር ጫካዎች ይገኛል።

ከ200 ዓመት ገደማ በፊት የእንግሊዝ ሀብታሞች ይህን አበባ ወደዱት። ሰው እየላኩ ከሩቅ አገር ጫካ በመርከብ ያስመጡት ነበር። እንግሊዝ አገር ብርዱ ኃይለኛ ነው። ስለዚህ ለአበባው የመስታወት ቤት ሠሩለት። የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ አልፎ ይገባል፤ ሙቀቱ ግን ቶሎ አይወጣም። በዝዋይና በሆለታ ያሉ የአበባ እርሻዎችም እንዲህ ያለ ቤት አላቸው። የእነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ላስቲክ የለበሰ ነው።

እንግሊዞቹ እንዲህ አሰቡ፦ «አበባው የመጣው ከሞቃት አገር ነው። ስለዚህ ሙቀት ይወዳል።» ቤቱን ጥርቅም አድርገው ዘጉት። የድንጋይ ከሰል አነደዱ። ቤቱ እንደተከደነ ድስት በእንፋሎት ታፈነ። ኦርኪዱም በብዛት ሞተ። ሌላ አስመጡ፤ ያም ሞተ።

ታዲያ ስህተቱ የት ላይ ነው? ሞቃት በሚባል አገርም ደጋ አለ። በኮሎምቢያ፣ በኢኳዶርና በፔሩ አንዲስ የሚባሉ ረጃጅም ተራሮች አሉ። ብዙ ዓይነት ኦርኪድ እዚያ ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ይበቅላል። ቀኑ ለስላሳ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ጉም ይወርዳል፤ ነፋስ ይነፍሳል። አንድ ሰው መጥቶ «ኢትዮጵያ ሁሉ ቆላ ነው» ቢለን እንስቅበት የለም? እነሱ የተሳሳቱትም እንዲሁ ነው።

ጆሴፍ ፓክስተን የሚባል የገበሬ ልጅ ነበር። ቻትስዎርዝ በሚባል ቦታ የአንድ መስፍን አትክልተኛ ሆኖ ይሠራ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1833 ጀምሮ መስፍኑ ኦርኪድ ሲሰበስብ የሚንከባከበው እሱ ነበር። ፓክስተን የቤቱን ሙቀት ቀነሰ፤ ንጹሕ አየርም አስገባ። ተክሎቹም ተሻላቸው።

ዛሬ የደጋ ኦርኪድ በመስታወት ቤት የሚያሳድጉ ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ፦

1. ሌሊት ሙቀቱን ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ያደርጉታል። ቀን ከ25 ዲግሪ እንዳያልፍ ይጠብቃሉ።

2. ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ይዘረጋሉ፤ መስኮት ይከፍታሉ። አየሩ እንዳይቆም ቬንትሌተር ያዞራሉ።

3. አየሩ እርጥበት እንዲኖረው ወለሉን ያርሳሉ።

4. ውሃ የሚያጠጡት ጠዋት ነው። ቅጠሉ ሳይመሽ መድረቅ አለበት፤ አለዚያ ይበሰብሳል። የዝናብ ውሃ ይመርጣሉ።

5. በአፈር አይተክሉትም፤ ሥሩ ይታፈናል። በተከተፈ የዛፍ ቅርፊት ይተክሉታል።

6. የሙቀት መለኪያውን እያነበቡ በደብተር ይጽፋሉ። ተክሉ ሲታመም ደብተሩን ገልጠው ምክንያቱን ይፈልጋሉ።

በዚያ ዘመን ሌላም ጥፋት ነበር። ሰብሳቢዎቹ አበባውን ከላይ ለማውረድ ዛፉን ይቆርጡ ነበር። የሞተውን ለመተካት እንደገና ጫካ ይገቡ ነበር። የኦርኪድ ዘር ደግሞ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው። በውስጡ ስንቅ ስለሌለው ጫካ ውስጥ ያለ ሻጋታ ካልረዳው አይበቅልም። በቅሎም እስኪያብብ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ አንዴ የተነቀለ ቶሎ አይተካም። ዛሬ ከጫካ የተነቀለ ኦርኪድን ያለ ፈቃድ ከአገር አገር ማሻገር ክልክል ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 ሥራ ላይ የዋለ የአገሮች ስምምነት ይከለክላል። ኢትዮጵያም ስምምነቱን ተቀብላለች።

እንግሊዞቹ ገንዘብ አላጡም። መስታወትም ከሰልም ነበራቸው። ያጡት አንድ ጥያቄ ነው፤ «የዚህ ተክል አገሩ የት ነው?» የሚለውን።

እናንተም አዲስ ዘር ወይም ችግኝ ሲመጣላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመጣው ከደጋ ነው ወይስ ከቆላ? የአገሩ ሌሊት እንዴት ነው? ዝናቡስ? መልሱን በደብተር ጻፉት። ሁሉንም ማሳ ከመሸፈናችሁ በፊት በትንሽ መደብ ሞክሩት። አሁን ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። የዘንድሮው ጽሑፍ ለከርሞ ይጠቅማችኋል።

እስቲ ተወያዩ፦

የእንግሊዞቹ ኦርኪድ ለምን ሞተ?

ፓክስተን ምን ለወጠ?

በቀበሌያችሁ ከሌላ አገር መጥቶ ያልበቀለ ዘር አለ? ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል?