የመስኮቱን ወንበር ለእናቶቻችን አንምረጥ

የሰመር ዕረፍት ሲቃረብ አውሮራ ውስጥ በየቤቱ ሻንጣ መመዘን ይጀመራል። ትኬቱን ኦንላይን የምንቆርጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እኛ ልጆች ነን። የወንበሮቹ ካርታ ሲመጣ እጃችን በቀጥታ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፤ «እማዬ አገሯን እያየች ትግባ» እንላለን። ከፍቅር የመጣ ነው፤ እኔ ግን አልስማማበትም።

ከዴንቨር አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም። ብዙዎቻችን ዋሽንግተን ደለስ ላይ እንቀይርና ከዚያ 13 ሰዓት ገደማ እንበራለን። አውሮፕላኑ ቦይንግ 787ም ይሁን ኤርባስ 350፣ በኢኮኖሚ ክፍል ወንበሮቹ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የተደረደሩት። መስኮት ጋ ያለ ሰው ለመውጣት ሁለት ሰው ማስነሳት አለበት። እስቲ እናቶቻችንን አስቡ። ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተኛ የማያውቁትን ሰው ቀስቅሰው «ልጄ ላስቸግርህ» የሚሉ ስንቶቹ ናቸው? ይሉኝታው አያስነሳቸውም። ሽንት ቤት ላለመሄድ ሲሉ ውሃውንም ይተዉታል።

ነርሲንግ ስለምማር ይህ ነገር ያሳስበኛል። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ወደ ላይ የሚገፋው በአብዛኛው የባት ጡንቻ ነው፤ የሚገፋውም ስንንቀሳቀስ ነው። ለረጅም ሰዓት ከተቀመጥን ደሙ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይረጋል። የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ሊገድል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ ይህን አደጋ እጥፍ ያህል እንደሚያደርገው ያሳያል። ለማስፈራራት አይደለም፤ ከ6,000 መንገደኛ አንዱን ያህል የሚያጋጥም ነገር ነው። ግን ዕድሜ፣ ውፍረት፣ ካንሰር፣ የቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚህ በፊት ደም ረግቶ ማወቅ ዕድሉን ከፍ ያደርጉታል። የወሊድ መከላከያ ክኒንም እንዲሁ፤ ስለዚህ ወጣትነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ያለ ሰው ከተቻለ መተላለፊያው ዳር እንዲቀመጥ መክሯል።

«እንዴ፣ ከስንት ዓመት በኋላ አገሯን ልታይ ነው እኮ!» ያለኝ ጓደኛ አለ። እውነቱን ነው። ነገር ግን ከመስኮቱ የሚታየው ምንድን ነው? ከዴንቨር ወደ ምሥራቅ ስንነሳ ተራሮቹ ከኋላ ይቀራሉ፤ ከፊታችን ያለው ሜዳ ነው። ስንመለስስ? ከዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ 6 ማኮብኮቢያዎች 4ቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ ናቸው። ወደ ደቡብ ካረፍን ተራሮቹ በቀኝ፣ ወደ ሰሜን ካረፍን በግራ ይሆናሉ። የሚወስነው ነፋሱ ስለሆነ ለዚያ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ። የአውሮራ ሰው ያንን ተራራ ከፓርኪንግ ቦታ በነጻ ያየዋል። አትላንቲክ ላይ ደግሞ ባሕርና ጨለማ ነው፤ በ787 ላይ አስተናጋጆቹ ራሳቸው መስኮቶቹን ሊያጨልሟቸው ይችላሉ።

መታየት ያለበት የመጨረሻው አንድ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት አውሮፕላኑ በአብዛኛው ወደ ደቡብ አቅጣጫ ስለሚበር ፀሐይዋ የምትወጣው በግራ በኩል ነው፤ የግራ መስኮት ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ደመናው እስኪገለጥ መጠበቅ ነው። ከዚያ አረንጓዴው ማሳ፣ የባሕር ዛፉ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ በሰሜን በኩል ደግሞ እንጦጦ ይመጣል። እናቴ እንኳን ይህን እንድታጣ አልፈልግም።

ስለዚህ ሦስት ከሆናችሁ ቀላል ነው፦ ወጣቱ መስኮት ጋ፣ እናት መተላለፊያው ዳር። ቀበቶ እሰሩ ከመባሉ በፊት ቦታ ትቀያየራላችሁ። እናት ብቻዋን የምትሄድ ከሆነ ያለ ክርክር መተላለፊያው ዳር ያዙላት። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ እንድትነሳ፣ ተቀምጣም ቁርጭምጭሚቷን እንድታንቀሳቅስ፣ ውሃውን እንዳትተው ንገሯት። ቦርሳዋ እግሯ ሥር ቦታ አይያዝባት። ጠበቅ ያለ የሕክምና ካልሲ ያስፈልጋት እንደሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ፤ አስፕሪን በራሷ አትጀምር።

ሁለት ብቻ ከሆናችሁ እሷ ዳር፣ እናንተ መሃል። መስኮት ጋ ያለውን ሰው ሊነጋ ሲል የምትለምኑት እናንተ ናችሁ፤ ሐበሻ ከሆነ ለእናት ቦታ አልለቅም ሲል እስካሁን አላየሁም። መሃል መቀመጥ አይመችም፣ አውቃለሁ። 13 ሰዓት ነው፤ ቻሉት።