ፍቅር ውለታ አይደለም

በቅርቡ በኅብረታችን አንዲት እኅት ስልኳ ላይ ልብ ወለድ ስታነብ ተያዘች። «ተያዘች» ያልኩት ነገሩ በእርግጥ እንደዚያ ስለነበረ ነው። አንድ መሪ ስልኳን ተቀብሎ የመጽሐፉን ሽፋን አየና «ይህ የመናፍስት መጽሐፍ ነው፤ አጥፊው» አላት። «ለምን?» ብላ ጠየቀች። የመለሰላት የለም። መጽሐፉን ከስልኳ አጠፋችው፤ ጥያቄዋ ግን አልጠፋም። እኔም መልስ እንዳላጣ ብዬ መጽሐፉን ከነተከታዮቹ አነበብኩት።

መጽሐፉ ጁሊ ካጋዋ የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመችው «ዘ አይረን ኪንግ» ነው፤ «የብረቱ ንጉሥ» ማለት ነው። ሜጋን በሉዊዚያና የምትኖር፣ 16 ዓመት የሚሞላት ተማሪ ናት። የአራት ዓመቱ ወንድሟ ኢታን ይሰረቅና በቦታው የእርሱን መልክ የለበሰ ሌላ ፍጡር ይተካል። የሰረቁት በእንግሊዝኛ «ፌይ» የሚባሉት፣ በአየርላንድና በብሪታንያ የጥንት ተረቶች የሚታወቁት፣ ከሰው ዓለም ጎን ለጎን ይኖራሉ የሚባሉት ፍጥረታት ናቸው። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሮቢም ከእነርሱ አንዱ፣ ፓክ የተባለው ሆኖ ይገኛል። ሜጋን ወንድሟን ፍለጋ አገራቸው ስትገባ ደግሞ የበረዶውን ግዛት ልዑል አሽን ታገኛለች። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የፍቅር ሦስት ማዕዘን ነው፦ በአንድ በኩል ሳቂታው ጓደኛ፣ በሌላ በኩል ቀዝቃዛው ልዑል፣ መካከል ላይ እርስዋ።

መሪያችን የፈራው ፌዮቹን ነው። እኔ ግን ከመካከላችን በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ፌይ ለማምለክ የሚነሳ ይኖራል ብዬ አልሰጋም። የምሰጋው ሌላ ነገር ነው፤ መጽሐፉ ፍቅርን የሚያስተምርበትን መንገድ።

በፌዮች አገር በነጻ የሚሰጥ ነገር የለም። ግሪማልኪን የተባለው ተናጋሪ ድመት መንገድ ለማሳየት እንኳ ወደፊት የሚከፈል ውለታ ያስገባል። አሽም ሜጋንን የሚረዳት ወንድሟን ካስለቀቀች በኋላ ወደ እናቱ፣ ወደ ንግሥት ማብ ቤተ መንግሥት አብራው ልትሄድ ቃል ስለገባችለት ነው። ሁሉም ነገር ውል ነው፤ ሁሉም ነገር ዕዳ ነው።

ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። ወንጌል ሳይደርሳቸው በፊት በቤታቸው ለዛር ይገበር ነበር። ዶሮው ገብስማ ካልሆነ፣ ቡናው በቀኑ ካልተፈላ ቤተ ሰቡ ሁሉ ምን ይመጣብን ይሆን እያለ ይሰጋ ነበር። ጌታን በተቀበሉ ዕለት «ከእንግዲህስ ምን ላምጣ?» ብለው ጠየቁ። «ምንም፤ ተከፍሏል» አሏቸው። እስኪሞቱ ድረስ ይህን ሲያወሩ እንባቸው ይመጣ ነበር።

እኛ የልጅ ልጆቻቸው ዛር አናውቅም። ነገር ግን በፍቅር ስም ያንኑ ግብር እንቀበላለን፣ ያንኑ ግብር እንገብራለን። «ካርድ የሞላሁልሽ፣ ለፈተና ያስጠናሁሽ፣ ቤተሰብሽ ሲቸገር የደረስኩልሽ እኔ አይደለሁም? ታዲያ እንዴት እምቢ ትይኛለሽ?» ይህ ንግግር በኅብረታችን ውስጥ የለም የሚል ካለ እርሱ ከወጣቶች ጋር አልተቀመጠም። ስንቷ እኅት «ውለታ ቢስ» ላለመባል ብቻ ልቧ ባልወደደው ጓደኝነት ውስጥ ተቀምጣለች!

ሁለተኛውን ነገር ስሙኝ። አሽ መጀመሪያ ሜጋንን የሚያገኛት እያሳደዳት ነው፤ ጠላቷ መሆኑንም አይደብቃትም። በሁለተኛው መጽሐፍ፣ በእናቱ ቤተ መንግሥት፣ በሰው ፊት ይንቃታል። በኋላ ግን ንቀቱ ሁሉ እርስዋን ከአደጋ ለመጠበቅ ሲል እንደ ነበረ ይገለጣል። እኅቴ ሆይ፣ መርዙ ያለው እዚህ ላይ ነው። በልብ ወለድ ውስጥ ደራሲዋ የልዑሉን ልብ ታውቃለች፤ ገጹ ሲገለጥ ታሳይሻለች። አንቺን በጓደኞቹ ፊት የሚያዋርድሽን፣ ስልክሽን ሳያነሳ ሰንብቶ ሲፈልግ ብቻ የሚደውልልሽን ሰው ግን ገጽ ገልጦ የሚያሳይሽ የለም። የሚንቅሽ ሰው የናቀሽ ስለ ናቀሽ ነው። ከንቀቱ በስተጀርባ የተሰወረ ፍቅር እየፈለግሽ ዓመታትሽን አትጨርሺ።

ወንድሜ፣ አንተም «እኔ እንደ አሽ አይደለሁም፤ እኔ ፓክ ነኝ» ብለህ አትመካ። የዚህ መጽሐፍ አንባቢዎች «የአሽ ወገን»፣ «የፓክ ወገን» ተባብለው ይከራከራሉ። የፓክ ወገኖች ሲናገሩ «ለዓመታት አጠገቧ ቆሞ ጠብቋት የለ? ለእርሱ ትገባለች» ይላሉ። ይህም ያው ውል ነው። ሴት ልጅ የጥበቃ ደመወዝ አይደለችም። ጓደኛ የሆንከው ልትከፈልበት ከነበረ ጓደኛ አልነበርክም፤ አበዳሪ ነበርክ።

መጽሐፎቹ በጎ ነገር የላቸውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው በአራተኛው መጽሐፍ፣ ነፍስ የሌለው አሽ ነፍስ ለማግኘት እስከ ዓለም ዳርቻ ይጓዛል። ያሳድድ የነበረው አሁን ስለ ወደዳት ራሱ ይሠቃያል። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ተነክቷል። ነገር ግን እዚያም ነፍስ የምትገኘው ፈተና በማለፍ ነው፤ ታግሎ፣ ከፍሎ፣ ተገብቶት። እዚህ ላይ ወንጌል ከመጽሐፉ ይለያል። ኤፌሶን 2፥8-9ን ገልጣችሁ አንብቡ፤ ሕይወት የተሰጠን በልጠን ስለተገኘን አይደለም። እንዲህ የተወደደ ሰው ሌላውን ሰው በውለታ ገመድ ሊያስር አይገባውም።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እውነተኛ ፍቅር አለ፤ የሦስት ማዕዘኑ ጭቅጭቅ ሸፍኖት ብዙ አንባቢ ሳያየው ያልፋል። ሜጋን ከቤቷ የወጣችው ለአሽ ብላ አይደለም፣ ለፓክም አይደለም። የአራት ዓመት ሕፃን ፍለጋ ነው። ኢታን ውል አላስገባትም፤ የሚከፍላትም አንዳች የለው። ወንድሟ ስለሆነ ብቻ ወደማታውቀው አገር ገባች። ይህን ያነበበ ወጣት ፍቅር ምን እንደሚመስል አይቷል።

መሪዎች ሆይ፣ ስልክ ከመቀበላችሁ በፊት መልስ ይዛችሁ ኑ። አንቺም እኅቴ፣ «ለምን?» ማለትሽን አትተይ። «ይህን ያህል አድርጌልሽ የለም ወይ?» የሚል ሰው በመጣ ጊዜ ደግሞ ሳትፈሪ «አመሰግናለሁ፤ ዕዳ ግን የለብኝም» በዪው።