ሦስት ኪሎ እሸትና አንድ ስድብ



ዛሬ የማነሳው በየኹጥባው ብዙ የተባለበት ጉዳይ ነው፤ የአፍ ጉዳይ። «ስድብ ሐራም ነው» ብዬ ላልፍ ግን አይደለም። ያንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የሚሳደበውም ሰው ያውቀዋል። ማሳየት የምፈልገው ስድብ ከወንጀልነቱ ሌላ ተሳዳቢውን ራሱን እንዴት እንደሚያከስረው ነው።

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት እዚሁ ዱመርሶ አንድ ወጣት ከእናቱ ማሳ የተለቀመ ቀይ እሸት ይዞ ወደ መረከቢያ ሄደ። እናቱ አስቀድማ ጎረቤት ሱቅ አስመዝናው ነበር። መረከቢያው ላይ ሲመዘን ሦስት ኪሎ ጎደለ። ልጁ ማለት የነበረበት «ቅድም ስናስመዝነው ከዚህ ይበልጥ ነበር፤ እባክህ ድገመው» ብቻ ነበር። እሱ ግን መዛኙን በእናቱ ሰደበው። ስድቡን እዚህ አልጽፈውም፤ ከመንገድ ላይ ስለማይጠፋ ታውቁታላችሁ።

መዛኙ ዱላ አነሳ፤ ሰው ገብቶ ገላገለ፤ ነገሩ ለሽማግሌ ተላለፈ። ኢማማችን ስላልተመቻቸው እኔ በእሳቸው ቦታ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጥኩ። ግማሽ ቀን ሙሉ ስለምን ተነጋገርን? ስለ ስድቡ። መዛኙ «እናቴ እኮ በሕይወት የለችም» ብሎ ሲያለቅስ ሚዛኑን ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። እኔም አላነሳሁትም። ልጁ ተበዳይ ሆኖ ሄዶ በዳይ ሆኖ ተመለሰ፤ ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ካሣም ከፈለ። ፖሊስ ጋ ቢሄዱም ብዙ አይለይም ነበር፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስድብ ተሰዳቢው አቤት ካለ ያስቀጣል።

በኋላ ለብቻው ወስጄ «ምን ተሰምቶህ ነው?» አልኩት። «ተናደድኩ።» «ሌላስ?» «በቃ ተናደድኩ፣ ኡስታዝ።» ቀስ እያልኩ ስጠይቀው ግን ንዴት ብቻ እንዳልነበረ ወጣ። መዛኙ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም፤ ተንቋል። ለእናቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት ጨንቆታል። ካልሲ መግዣ የሌለው ልጅ እዚያ ሰው ሁሉ ፊት አፍሯል። መናቅ፣ መጨነቅና ማፈር ተደራርበው ሳለ ከአፉ የወጣው ስለ አንዳቸውም የማይናገር አንድ ቃል ነበር።

አማርኛችን ለዚህ ድሃ ሆኖ አይደለም። ቅር የተሰኘ ሰው ገና ወዳጅ ነው፤ ቢያናግሩት ይመለሳል። የተቀየመ ግን ነገሩን ይዞት ይዞራል። ያኮረፈ ሰው ዝምታው ራሱ ንግግር ነው፤ ለምኑኝ እያለ ነው። ሆድ የባሰውን ሰው የሚያስለቅሰው የዛሬው ነገር ብቻ አይደለም፤ የቆየ ብቸኝነት አለበት። የበገነ ሰው ቁጣውን ማውጫ አጥቶ በውስጡ ይቃጠላል። የተማረረ ደግሞ ነገሩ ተደጋግሞበታል፤ እሱን «አይዞህ» ማለት ዋጋ የለውም፣ ነገሩን ነው ማስቆም። እያንዳንዱ ቃል መድኃኒቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ሁሉንም በአንድ ስድብ የሚያወጣ ሰው ግን ምን እንደሚፈልግ ማን ይወቅለት?

እኛ እኮ የምንኖረው ቡናው በቃል ጭምር በሚሸጥበት አገር ነው። ይርጋጨፌ ስሙ የገነነው ቀማሾች «ጥሩ ነው» ብለው ስለተዉት አይደለም፤ የአበባ መዓዛ አለው፣ የሎሚ ቃና አለው ብለው ለይተው ስለሰየሙት ነው። ቀማሽ በማንኪያ ስቦ ይቀምስና ጉድለቱንም በስሙ ይጠራዋል፤ ሻግቷል፣ ከልክ በላይ ቦክቷል፣ አፈር አፈር ይላል። «ይሄ ቡና ምናምን ነው!» ብሎ ተሳድቦ የሚሄድ ቀማሽ ደመወዝ የሚከፍለው የለም።

መድረሳ በላጋ ስንቀራ ኡስታዛችን ኪናያን ያስረዱን በሱረቱል ማኢዳ 6ኛ አንቀጽ ነበር። ስለ ውዱእና ተየሙም በሚናገረው በዚህ አንቀጽ ከመጸዳዳት መምጣት የተገለጸው «ጋኢጥ» በሚል ቃል ነው። ጋኢጥ በመሠረቱ ዝቅ ያለ መሬት ማለት ነው፤ ዐረቦች ከሰው ዓይን ለመሰወር ወደዚያ ይወርዱ ነበርና። የእኛም አባቶች «ሜዳ ልውጣ» ይሉ የለም? እዚያው አንቀጽ ላይ በኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) አተረጓጎም የባልና ሚስት ግንኙነት «መነካካት» ተብሎ ታልፏል። (በሻፊዒይ መዝሀብ አተረጓጎሙ ሌላ ነው፤ አሁን ወደዚያ አልገባም።) ቁርኣን እንዲህ ያለውን ነገር ሳይደብቅም ሳያዋርድም ተናግሮታል።

ጎረቤቶቻችን ሲዳማዎች ዘንድ ደግሞ «ባሊሻ» የሚባል የሴቶች አነጋገር አለ፤ በከምባታና በሀዲያም ይታወቃል። ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ሳይሆን በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላትንም ትሸሻለች። ታዲያ በዚያ ድምፅ የሚጀምረው በየቀኑ የምትፈልገው ዕቃ ስም ቢሆንስ? ሌላ ቃል ትፈልጋለች፣ ወይም ዞራ ትገልጸዋለች። ደንቡ በሴቶች ላይ የከበደ ነው የሚል ካለ አልከራከረውም። ግን ክልከላው አፍ አልዘጋም፤ ቃል ወለደ።

«ድሮም ሰው ይሰዳደብ ነበር» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ልጆች ሆነን እንካ ሰላንቲያ ስንጫወት እንሰዳደብ ነበር። ነገር ግን ስድቡ ቤት መምታት ነበረበት፤ ቤት ያልመታለት ተሸናፊ ነው። የዛሬው ተሳዳቢ ያንን ድካም እንኳ አይደክምም። ማታ ማታ የቲክቶክ ላይቭ የከፈተ ያውቀዋል፤ ሁለት ሰው ለሁለት ሰዓት አራት ቃል ይመላለሳል።

እኛ የዲን ሰዎችስ? ለአንዱ ዓሊም ጥብቅና ቆሜያለሁ ብሎ ሌላውን ዓሊም የእንስሳ ስም የሚሰጥ ስንት አለ! ሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራትን የከለከለው ለቡና መዛኞች ብቻ ነው እንዴ? አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ዐሥር ዓመት ሲያገለግል «ኡፍ» እንኳ ብለውት እንደማያውቁ ተናግሯል። ማገልገል ሲጀምር ልጅ ነበር፤ ልጅ ደግሞ ያጠፋል። እኔ ሞተሬ ጭቃ ውስጥ ስትቆምብኝ የምላትን አላህ ይቅር ይበለኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጁ ከዒሻ ሶላት በኋላ ጠበቀኝ። «ኡስታዝ፣ ያን ቀን ምን ማለት ነበረብኝ?» አለኝ።

«ድገመው ማለት።»

«አልደግምም ቢልስ?»

«እንግዲያው እሸቴን መልስልኝ በለው። ወይም ሰው ጠርተህ ሌላ ሚዛን ላይ ይታይልኝ በል። እናቴ ቅድም አስመዝናዋለች፣ ባለሱቁ ይመስክር በል።»

ትንሽ አሰበና «ያኔ ከዚህ ሁሉ አንዱም አልመጣልኝም» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እናቱ እስከ ዛሬ እየጠየቀችው እንደሆነ ነገረኝ። ስለ እርቁ አይደለም የምትጠይቀው። ሦስቱ ኪሎስ ነው የምትለው።