«መድኃኒታችንን ሰረቁን» ለምትሉ ወገኖች

በየቻናሉ የሚዞር አንድ ወሬ አለ። «ፈረንጆች ከኢትዮጵያ ዛፍ ወስደው የካንሰር መድኃኒት ሠሩ፤ እኛ ግን ቅጠላችንን ንቀን እንሞታለን» ይላል። ከሥሩ ስልክ ቁጥር ይከተላል። የተፈጨ ቅጠል በፌስታል፣ በማር የተለወሰ ሥር በጠርሙስ፣ «ኬሞ ከመጀመራችሁ በፊት ደውሉልን» የሚል ምክርም አለበት። ወሬው ግማሹ እውነት ነው። ሰው የሚያስገድለውም ያ ግማሽ እውነት ነው።

እስቲ እውነቱን እናስቀድም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት እያስሰበሰበ ያስፈትን ነበር። ከኢትዮጵያ ከተወሰዱት አንዱ፣ እኛ አጣጥ ከምንላቸው ዛፎች ወገን የሆነ ዕፅ ነው። በ1972 ሞሪስ ኩፕቻን የተባሉ ኬሚስትና ባልደረቦቻቸው ከዚህ ዕፅ ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ማውጣታቸውን አሳተሙ። ስሙ ራሱ ከዛፉ ሳይንሳዊ ስም የመጣ ነው። በላቦራቶሪ ውስጥ እጅግ ጥቂቱ እንኳ የካንሰር ሕዋሳትን ይገድላል። እስከዚህ ድረስ ወሬው ልክ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሻጮቹ አይነግሯችሁም። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ዕፅ የተገኘው ሜይታንሲን አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም ነበር። በሕሙማን ላይ ሲሞከር ደግሞ ሆድ አወከ፣ ነርቭ ጎዳ፣ ካንሰሩን ግን ያን ያህል አልገፋውም። ሙከራው ቆመ። እንግዲህ ንጹሕ ሆኖ፣ በሚሊግራም ተለክቶ፣ በሐኪም ክትትል ተሰጥቶ ያልተሳካን ነገር ታሪክ ማስታወቂያ አድርጎ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት በሾርባ ማንኪያ የሚያዝ ሰው ምን ይባላል?

ለምን እንዳልተሳካ ለመረዳት ዛፉን ትተን ወደ ሕዋስ ውስጥ መግባት አለብን። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን እኩል አካፍሎ ወደ ሁለት ጎን የሚጎትት መዋቅር ይሠራል። መዋቅሩ ማይክሮትዩቡል ከሚባሉ ቱቦዎች የቆመ ነው፤ የአንዱ ውፍረት 25 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። ቱቦዎቹ ቱቡሊን ከተባለ ፕሮቲን እየተገጣጠሙ ይረዝማሉ፣ እየፈረሱ ያጥራሉ። ሕንፃ ሲሠራ በባሕር ዛፍ አጣና የሚቆመውን መወጣጫ አስቡት። አጣናው ካልቆመ ሥራ የለም፤ ቆሞ አልፈርስም ካለም ሥራው አያልቅም። ሜይታንሲን አጣናው እንዳይቆም ይከለክላል። ሕዋሱ መከፈል ያቅተውና ይሞታል።

ችግሩ መወጣጫው የካንሰር ሕዋስ ብቻ አለመሆኑ ነው። የፀጉር ሥር፣ የአንጀት ሽፋን፣ መቅኒ ሁሉም ይከፈላሉ። ነርቭ ደግሞ ባይከፈልም ከአከርካሪ እስከ እግር ጣት ድረስ ዕቃ የሚያመላልሰው በእነዚሁ ማይክሮትዩቡሎች ሐዲድ ላይ ነው። ኬሞ የሚወስዱ ብዙ ሰዎች እጅና እግራቸው የሚደነዝዘው ለዚህ ነው። ሻጩ ይህን ድንዛዜ ያይና «አላልኳችሁም? ኬሞ መርዝ ነው» ይላል። አዎ፣ መርዝ ነው። ግን መጠኑ የታወቀ፣ ጉዳቱ የተጻፈ፣ ሲበዛ የሚቀነስ መርዝ ነው። የፌስታሉ ዱቄት መጠኑን ማን ያውቃል?

አሁን ደግሞ ከቅጠል ወደ መድኃኒት ያለው መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ተመልከቱ። በ1962 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የው ከሚባል ዛፍ ቅርፊት ተሰበሰበ። በ1971 ዎልና ዋኒ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች የንጥረ ነገሩን ቅርጽ አሳወቁ፤ ታክሶል ማለት ይህ ነው። ግን በውሃ አይሟሟም፣ የሚገኘው ጥቂት ነው፣ ቅርፊቱ ሲላጥ ዛፉ ይሞታል። የሚፈልገው ሰው እየጠፋ ሄደ። ያነሣው በኒውዮርክ የአልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዋ ሱዛን ሆርዊትዝ ያገኙት ነገር ነው። በ1979 ከባልደረቦቻቸው ጋር ታክሶል ማይክሮትዩቡልን እንደሌሎቹ እንዳይቆም እንደማያደርግ፣ ይልቁንም እንዳይፈርስ እንደሚቸነክር አሳዩ። አጣናውን በምስማር መታው ማለት ነው። እንዲህ ያለ አሠራር ከዚያ በፊት አልታወቀም ነበርና ሁሉም ፊቱን መለሰ። በ1992 መጨረሻ ለእንቁልጢ ካንሰር ተፈቀደ። ከቅርፊት እስከ ፈቃድ 30 ዓመት። ዛሬ በአገራችን የካንሰር ክፍሎችም ይሰጣል።

ስለዚህ «ኬሞ የፈረንጅ ኬሚካል፣ የእኛ ግን ተፈጥሯዊ» የሚለው ክርክር ከመነሻው የተሰበረ ነው። ታክሶል ከዛፍ ነው። ለሕፃናት የደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲንም በሞቃት አገር ጓሮ ለጌጥ ከሚተከል አበባ የወጣ ነው። የዚያ አበባ ዝና በባህል ሕክምና ለስኳር በሽታ ነበር። በ1950ዎቹ ካናዳ ውስጥ ሲፈተን ስኳርን አልቀነሰም፤ የእንስሳቱን ነጭ የደም ሕዋስ ግን ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ የሄዱት ቁጥሩ ወዳሳያቸው ነው። «አያቶቻችን ብለዋል» ብለው ቢያቆሙ ኖሮ ዛሬ ያ መድኃኒት አይኖርም።

ሜይታንሲንም ሞቶ አልቀረም። የሕዋስ ሳይንስ ችግሩ የት እንዳለ ስላሳየ፣ መርዙን ብቻውን ከመልቀቅ ይልቅ የተወሰኑ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ከሚለጠፍ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አሰሩት። መርዙ በአብዛኛው የሚፈታው ካንሰሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ይህ መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው በ2013 ነው፤ ከኩፕቻን ጽሑፍ 41 ዓመት በኋላ። የመድኃኒቱ መነሻ ንጥረ ነገርም ዛሬ የሚመረተው ከባክቴሪያ ነው። ከአጣጥ ቅጠል አይደለም።

«ታዲያ አልተሰረቅንም?» ትሉኝ ይሆናል። ቁጣው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የጤፍ ጉዳይ በኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት እስኪሻር ድረስ ስንት ዓመት እንደተንገላታን አልረሳንም። የዘረመል ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 የወጣውም በምክንያት ነው፤ ይከበር፣ የሚወስድ ይፈረም፣ የሚያተርፍ ያካፍል። ግን ራሳችንን አናታልል። ከእኛ የሄደው ጥቂት ኪሎ ዕፅ ነው። መድኃኒት ያደረገው የ41 ዓመት ልኬት ነው፤ እሱን ማንም ከእኛ አልወሰደም፣ እኛ ጋ አልነበረምና። ዛፉ ዛሬም በደጃችን አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

እንደሚቻልም እናውቃለን። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድ ለዘመናት ታጥቦበታል። እሳቸው ግን ወስደው ፈተኑት፣ መጠኑን ለኩት፣ ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ቅጠሉን በፌስታል አልሸጡም።

ስለዚህ ለሦስት ወገን የምለው አለኝ። ሻጮች ሆይ፣ መድኃኒታችሁ የሚሠራ ከሆነ ለምርመራ አቅርቡት፤ የማይቀርብ ከሆነ የሰው እናት ላይ አትሞክሩት። ዩኒቨርሲቲና መንግሥት ሆይ፣ ስለ ዕፅዋታችን ብዛት ሲምፖዚየም ይበቃል፤ የካንሰር ሕዋስ አሳድጎ የሚፈትን፣ ኬሚካልና መብራት የማይቋረጥበት ላቦራቶሪ ይኑር፤ ወጣት ተመራማሪዎቹም ደመወዝ ይኑራቸው።

ለታማሚና ለአስታማሚ ደግሞ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የሚወስደውን ቅጠል ከሐኪሙ የደበቀም ያው ነው፤ አንዳንዱ ዕፅ የኬሞውን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ጣታችሁ ከደነዘዘ ንገሩት፤ መጠኑ ይቀነሳል፣ ቀኑ ይራራቃል። ካንሰር ግን ቅጠሉ እስኪሞከር ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። በፌስታሉ ዱቄት የምታሳልፉት ሦስት ወር፣ መዳን ይቻልበት የነበረው ሦስት ወር ሊሆን ይችላል።