የሀርጌሳ ተማሪዎችና የሳይንስ ትምህርት

የሳይንስ ትምህርት የመምህራን ጉዳይ ብቻ ነው፤ ነጋዴንና የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም የሚል አሳብ በብዙ ሰዎች ዘንድ ይገኛል። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት ከሀርጌሳና ከበርበራ የበለጠ ምስክር የሚገኝ አይመስለንም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2000 ዓ.ም. የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው፣ በትንኝ የሚተላለፍ የከብት በሽታ በሳውዲ ዐረቢያና በየመን በታየ ጊዜ፣ የሳውዲ መንግሥት ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን የቁም ከብት ከለከለ። ክልከላውም ለሶማሌላንድ እስከ 2009 ዓ.ም. ቆየ። የዚያ አገር ሀብት በጉ፣ ፍየሉና ግመሉ ስለሆነ፣ በበርበራ ወደብ የሚጫነው ሲቀር የከብት አርቢው፣ የደላላው፣ የመኪና ነጂውና የጉምሩኩ ገቢ አብሮ ጎደለ። ንግዱ እንደገና በተከፈተ ጊዜም እንስሳቱ ከመጫናቸው በፊት በማቆያ ስፍራ ቆይተው ደማቸው እንዲመረመር ሆነ። እንግዲህ በበጉና በገበያው መካከል የቆመው አንዲት የደም ጠብታ፣ እርስዋንም መርምሮ የሚፈርድ የሠለጠነ ሰው ነው።

ይህ ሰው ከወዴት ይገኛል? በሼክ ከተማ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት ሕክምና ትምህርት ቤት ተቋቁሟል። ነገር ግን ወደዚያ የሚገባው ወጣት አስቀድሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ በአጉሊ መነጽር አይቶ፣ መዝኖና ለክቶ ያልተለማመደ ከሆነ፣ ከፍተኛው ትምህርት ቤት የሚቀበለው ቃል የሸመደደን ልጅ እንጂ መርማሪን አይደለም።

ሀርጌሳ በ1988 ዓ.ም. በቦምብ የፈረሰች ከተማ መሆንዋን መዘንጋት አይገባም። ሕዝቡ ከፍርስራሹ ላይ ተነሥቶ ትምህርት ቤቶቹን ማደሱ፣ በቦረማ የአሙድን ዩኒቨርሲቲ በ1998፣ በሀርጌሳም ሌላውን በ2000 ዓ.ም. ማቋቋሙ የሚያስመሰግነው ነው። ለነዚህም ሥራዎች የነጋዴውና በውጭ አገር የሚኖረው ወገን መዋጮ ብዙ ረድቷል። ሕንጻውን ማቆም የቻለ ሕዝብ የሙከራውን ክፍል መሙላት አይሳነውም።

በትርጉም ሥራ ላይ የምንገኝ ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር እናያለን። ተማሪው የመጀመሪያውን ደረጃ በሶማልኛ ይማርና ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሳይንስን በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ባዕድ የሆነውን ነገር በባዕድ ቃል ሲሰማ፣ ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ ካለው፣ ከመገልበጥ በቀር ምን ያደርጋል? ነገሩን በዓይኑ ካየና በእጁ ከዳሰሰ ግን ቃሉ በማናቸውም ቋንቋ ቢነገር ይገባዋል። ዕቃው ራሱ አስተርጓሚ ነው።

ለዚህም ሁልጊዜ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሀርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። አንድ መምህር አንድ የሙቀት መለኪያ ቢኖረው፣ በበርበራ ውሃ በ100 ዲግሪ፣ በሀርጌሳ ግን በ96 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ለልጆቹ ማሳየትና የአየርን ግፊት ማስረዳት ይችላል። ከቀይ ጥቅል ጎመን የሚጨመቀው ውሃም በኮምጣጤ ሲቀላ፣ በሳሙና ውሃ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ፣ የኬሚስትሪ መግቢያ ይሆናል።

ከጎረቤትም መማር ይገባል። በኢትዮጵያ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሳይንስ ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር። ራቅ ባለ ስፍራ ያለው ተማሪ ያላየውን ሙከራ በሥዕል ለማየት ቢችልም፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እየፈጠነ ስለሚያልፍ ለመከተል የተቸገረው ብዙ ነበር፤ መምህሩም በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ የሚል ወቀሳ ተነሣ። መሣሪያ መምህሩን ሲያግዝ ይጠቅማል፤ ሲተካው ግን ይጎዳል።

ስለዚህ ከዕቃው ይልቅ መምህሩ ይቀድማል። ከሀርጌሳ አጠገብ በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው የአባርሶ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በአሜሪካ ወደሚገኙ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለመላክ በቅቷል። በ2017 ዓ.ም. የተከፈተው የበርዋቆ ዩኒቨርሲቲም ሴቶችን ለመምህርነት ማሠልጠኑ መልካም ጅምር ነው። ሆኖም አንድ የተመረጠ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚይዘው ጥቂቱን ልጅ ነው፤ የብዙኃኑ ዕድል የሚወሰነው በከተማው ተራ ትምህርት ቤቶች ነው።

አስቀድሞ ጣራና ወንበር ይሟላ፣ ላቦራቶሪ ከዚያ በኋላ ይደርሳል የሚሉ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። ክርክራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ለየትምህርት ቤቱ አንዳንድ ላቦራቶሪ ማቆም ባይቻል፣ በአንድ ከተማ ያሉ ትምህርት ቤቶች በተራ የሚገለገሉበት አንድ ክፍል ማቆም ይቻላል። የመንግሥት ሹማምንት ለትምህርት የሚገባው የሳይንስ ዕቃ በወደብ እንዳይዘገይና ቀረጥ እንዳይከብደው ሊያደርጉ፣ በክረምት ዕረፍትም መምህራን በዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ እንዲለማመዱ ሊያዝዙ ይችላሉ። ነጋዴዎችም ከከብቱና ከዕቃው ትርፍ ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ የመምህሩ ደመወዝ ይደጎማል፤ ጎበዙ የሳይንስ መምህርም የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ሰሌዳውን ጥሎ አይሄድም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ለመንግሥት ብቻ ቢተው ሸክም የሚሆነው ይህ ጉዳይ ለሁሉም ቢካፈል ይቀላል። የንግድ በር በበሽታ ምክንያት ዳግመኛ የተዘጋ እንደ ሆነ፣ በሩን የሚያስከፍተው ዛሬ በሀርጌሳ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የአጉሊ መነጽርን ሥዕል ከሰሌዳ የሚገለብጠው ልጅ ነው። መነጽሩን ራሱን በእጁ ልናስይዘው ይገባል።